ከመስኮቴ ሥር ሮዝ በረዶ

ዲሴምበር 9

ዶክተሩ «ማዞሩ በመጣ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉልኝ» ስላለኝ ይህን ደብተር ከፈትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብተር ሳርም ኖሬ አሁን የራሴን ልጽፍ ነው። ስህተት ቢኖርበት እኔው አገኘዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ያመለጠኝ የለም።

እንግዲህ ለዶክተሩ፦ ሳጃ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ታይሮይዴ ሥራ ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ክኒኑን አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም። እንደታዘዝኩት ከንጋት ጸሎት በኋላ በባዶ ሆዴ፣ በመጀመሪያዋ ሲኒ ሻይ እውጠዋለሁ። ዳቦው ከጋጋሪው ቤት እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት አለኝ። እንዲያም ሆኖ የደም ምርመራው ዘንድሮም መጥፎ ነው፤ የክኒኑን መጠን ከሰባ አምስት ወደ መቶ ከፍ አደረገልኝ።

ማዞሩ፦ ትናንት ጠዋት፣ ከሻይ በኋላ፣ ከምንጣፉ ስነሳ። ግድግዳው ወደ ግራ ሄደብኝ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ካንግሪዬን፣ ያቺን የፍም ማሰሮ፣ ሞልቼ ከሰፊው የሱፍ ካባዬ ከፌረኔ ሥር አቅፌ፣ ሆዴን እየለበለበኝ እንኳ እግሬ አይሞቅም።

ዲሴምበር 13

ዛሬም ከሻይ በኋላ። ሩባይና ሮጣ ደገፈችኝ። «እማማ፣ ቀስ ብለው ይነሱ እንጂ! ማን ጠራዎት? ሰልፍ ላይ ነዎት እንዴ?» አለችኝና አሳቀችኝ።

ልጄ ሙዘሚል ያገባት ባለፈው ኦክቶበር ነው። ሶፖር አጠገብ ካለ የፖም ገበሬዎች መንደር የመጣች ናት። ሥራ አትመርጥም፣ ምላሷም አያርፍም። እስካሁን የያዝኩባት ጥፋት የለም።

ዲሴምበር 16

ጎረቤቴ ታጃ መጣች። መጥታ ደግሞ ዝም ብላ አትሄድም።

«ማዞሩ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ወር ገደማ።»

«ሙሽራይቱስ ከገባች?»

በጣቴ ቆጠርኩ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች። ታጃ ምንም አላልኩም ስትል ብዙ ነገር ብላለች ማለት ነው። «ሻዩን ማነው የሚያፈላልሽ?»

«እሷ ናታ። ምራት ቤት ውስጥ እያለች እኔ ላፍላ?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እህት ዓለም።»

ስትሄድ ተናደድኩባት። ሰው ቤት ገብቶ ነገር መዝራት ምን ይባላል? ከዚያ ደብተሩን ገልጬ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሳልጽፈው የቀረውን ጨምሮ ማዞሩ አምስት ጊዜ መጥቷል፤ አምስቱም ከሻይ በኋላ ነው። እርግጥ እኛ ቤት ሻይ በቀን አራት ጊዜ ይጠጣል፤ ከሻይ በኋላ ያልሆነ ሰዓት የለም። ይህንን የምጽፈው ሚዛን እንዳላዛባ ነው።

ዲሴምበር 21

ቺላይ ካላን ገባ። አርባው የብርድ ቀን ዛሬ አንድ አለ። ቧንቧው ደርቋል፣ የውጪው ባልዲ በረዶ ሠርቷል።

ሩባይና የሻይ ማፍያው ሳሞቫር ላይ ጎንበስ ብላ ነጭ ነገር ቆንጥራ ስትጨምር አየሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሶዳ ነዋ እማማ። ያለ ሶዳ ሻዩ ሮዝነቱን ከየት ያመጣል?»

ስለ ሶዳ ታስተምረኛለች! ሻዩ ውስጥ ሶዳ፣ ጨውና ወተት እንደሚገባ እሷ ሳትወለድ አውቃለሁ። ግን ስትጨምር ለምን ጀርባዋን ሰጠችኝ? ሠላሳ አንድ ዓመት ፈተና ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። የሚኮርጅ ልጅ ፊቱ አያስታውቅም፤ የሚያስታውቀው ትከሻው ነው። ዛሬ ትከሻዋን አየሁት።

ዲሴምበር 28

ሐኪም ቤት። ከፊቴ ሰባ ሰው ነበር። ለእኔ ሦስት ደቂቃ ደረሰኝ።

«ክኒኑን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«በባዶ ሆድ?»

«በባዶ ሆድ።»

«ሆርሞኑ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። መቶ ሃያ አምስት እናድርገው።» ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

በሃምሳ ጀምሬ መቶ ሃያ አምስት ደረስኩ። በአንድ ወገን እየጨመርክ ድምሩ ካልጨመረ፣ በሌላ ወገን የሚቀንስ አለ ማለት ነው። ይህንን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ማነው የሚቀንስብኝ?

ስድስቱን ዓመት ሙሉ እሷ እዚህ ቤት አልነበረችም። ይህንን በኋላ አስብበታለሁ።

ጃንዋሪ 1

ቆረጥኩ። ከእጇ ሻይ አልጠጣም። ሲኒውን ይዤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፤ በመስኮት እደፋዋለሁ። ክኒኑን ራሴ ባፈላሁት ንጹሕ ውሃ እውጣለሁ።

«እማማ፣ ጣመዎት?»

«ጣመኝ» አልኳት። ዋሸሁ። የምጠይቀው እኔ በሆንኩበት ቤት ዋሽቼ መልስ ሰጪ ሆንኩ።

ጃንዋሪ 5

ከመስኮቴ ሥር ያለው በረዶ ሮዝ ሆኗል። ደግነቱ ሌሊት ሌላ እየወረደ ይሸፍነዋል። ማንም አላየም።

ጃንዋሪ 12

ይኸው ማስረጃው! ማዞር ከጠፋ ስድስት ቀን። ዛሬ ሦስቱንም ቁም ሣጥን አውጥቼ አጥፌ መለስኩ፣ የሟች ባለቤቴን መጻሕፍት አራገፍኩ፣ ደረጃውን ጠረግኩ። እግሬ ሞቀ። ለዓመታት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ውጤቱ ከተቀየረ፣ ምክንያቱ እሱ ነው።

ለታጃ ነገርኳት። «ውይ!» አለችና አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «እኔ ግን ምንም አላልኩም።»

ጃንዋሪ 20

ሞቀኝ። ውጪው ከዜሮ በታች ሆኖ ፌረኔን አውልቄ ተቀመጥኩ። ካንግሪውን ለሙዘሚል ሰጠሁት። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፋ።

«እማማ፣ በዚህ ብርድ?» አለች ሩባይና። «ይታመማሉ እኮ።»

«ደህና ስሆን ከፋሽ?»

ደነገጠች። ለምን ትደነግጣለች? ንጹሕ ሰው በዚህ ጥያቄ ይስቃል እንጂ አይደነግጥም።

ጃንዋሪ 26

ልቤ። ተቀምጬ እያለሁ ይሮጣል። ሁለት ጊዜ አዞረኝ፣ አንዴ ጸሎት ላይ ስሰግድ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሕፈቴ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት መስሏል። ሻይዋን አልጠጣሁም። አንዲት ጠብታ አልጠጣሁም። ታዲያ በምን አገኘችኝ?

ጃንዋሪ 27

ሩዙ ይሆናል። ወይም ጎመኑ።

ከዛሬ ጀምሮ ድንችና እንቁላል ለራሴ እቀቅላለሁ። ሙዘሚል «እማዬ፣ ምን ጎደለሽ? ወጧ አልጥምሽ አለ?» አለኝ። «ጨው ይበዛበታል» አልኩት። ይህም ሁለተኛ ውሸቴ ነው። ወይም ሦስተኛ።

ጃንዋሪ 30

የክኒኑ መሳቢያ ላይ ክር አሰርኩ። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ካላወቁት የማይታይ። ድሮ የፈተና ወረቀት ሣጥን ላይ እንዲህ አደርግ ነበር።

ማታ ተመልሼ ሳየው ክሩ ተበጥሷል።

ክኒኖቹን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየኋቸው። መልካቸው ያው ነው። መልካቸው ያው መሆኑ ምን ያረጋግጣል? እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አሁን ክኒኖቹ ከእኔ ጋር ናቸው፤ የት እንደሆኑ እዚህም አልጽፍም።

ፌብሩዋሪ 2

ጓዳ ውስጥ ለእናቷ ስትደውል ሰማሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ። እኔ፣ ሳጃ መምህርት፣ በር ላይ!

«…አያውቁም፣ አልነገርኳቸውም… ቆጥሬዋለሁ፣ ቁጥሩ ልክ ነው… በጣም ከሱ፣ እማ፣ ቀሚሳቸው ተንጠልጥሏል… ለእሱም ነግሬዋለሁ፣ ጊዜ የለኝም ይላል… እስከ መቼ ዝም እላለሁ?»

ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ቁጥሩ ልክ ነው። ከሱ። አያውቁም። ልጄም ያውቃል ማለት ነው?

ልጄ። ጡቴን ያጠባሁት።

ፌብሩዋሪ 5

ዛሬ አወጣሁት። እራት ላይ ሦስታችን ነበርን። ሻዬን ቀዳችልኝ። ሲኒውን መልሼ ወደ ፊቷ ገፋሁት።

«አንቺ ጠጪው።»

«ምን?»

«ጠጪው አልኩሽ! ካልፈራሽ ጠጪው!»

ሙዘሚል ዳቦው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምን እንደሆንኩ እሷን ጠይቃት። ምን እንደምታበላኝ ጠይቃት!»

ሩባይና አየችኝ። ከዚያ ሲኒውን አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣችና ገልብጣ አስቀመጠችው። «ጨው ትንሽ በዝቶታል» አለች። «ሌላ ምንም የለውም።» ተነስታ ወደ ላይ ወጣች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ምንም አልሆነችም። ግን አንድ ሲኒ ምን ያደርጋል? እኔንም በአንድ ሲኒ አይደለም የጣለችኝ።

ፌብሩዋሪ 6

ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። አልጮኸም፣ አልሰደበም፤ ሻንጣዋን አነሳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«እማማ፣ ክኒኑን እንዳይረሱ» አለችኝ።

ይህ ምንድን ነው? ዛቻ ነው? እስካሁን እያወጣሁ እያወረድኩት ነው።

ፌብሩዋሪ 11

ጓዳ ውስጥ ወደቅኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ውሃው የራሴ፣ ድንቹ የራሴ፣ እጁ የራሴ። ግንባሬ ምድጃው ጠርዝ ላይ ተሰንጥቋል። ሙዘሚል ከሥራ ሲመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ከሄደች አምስት ቀኗ ነው።

ፌብሩዋሪ 12

ታጃ «ሄዳም አለቀቀችሽም፤ የቀበረችብሽ ነገር ይኖራል» አለችኝ። ፍራሼን ቀደድን፤ ትራሴን፣ የክረምቱን ብርድ ልብስ ሁሉ። ክታብ ፍለጋ። ክፍሉ ጥጥ በጥጥ ሆነ። ያገኘነው ጥጥ ነው።

ታጃ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ጥጡ መሐል ተቀመጥኩ። አፈርኩ። እንዲህ ማፈሬን ለማንም አልነግርም።

ፌብሩዋሪ 17

ይህንን ሳልቸኩል ልጻፈው።

ጠዋት ሙዘሚል አንድ ጥቅል ወረቀት ይዞ ገባ። የቀን መቁጠሪያ ቅጠሎች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ተጽፏል። «ሩባይና ስትሄድ ሰጥታኝ ነበር» አለ፤ ዓይኔን አላየኝም። «ዶክተር ጋ ውሰድላቸው አለችኝ። አልወሰድኩም። ተናድጄ ነበር፤ በእሷም፣ በአንቺም። ትናንት ነው ያነበብኩት። ዛሬ ግን ሌላ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

መኪናው ውስጥ አነበብኩት።

«ጃንዋሪ 4፦ እማማ ሻያቸውን በመስኮት ደፍተዋል። ሳይጥማቸው ቀርቶ ይሆናል። ጨው ቀነስኩ።»

«ጃንዋሪ 9፦ ዛሬም ደፉት። ወተት ጨምሬ ነበር። ክኒኑን በውሃ ነው የሚውጡት።»

«ጃንዋሪ 27፦ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አይተኙም፣ ይቆጣሉ። ለሙዘሚል ሐኪም ጋ እንውሰዳቸው አልኩት፤ ቢሮ አልመች አለኝ አለ።»

«ጃንዋሪ 30፦ ክኒኑን ቆጠርኩ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ እየወሰዱ ነው። ታዲያ ምንድን ነው?»

ሁሉንም አይታ ነበር። ሮዙን በረዶ በየቀኑ አይታ፣ ሳትነግረኝ፣ ጨው ስትቀንስ ወተት ስትጨምር ነበር። ለራሷ በጻፈችው ወረቀት ላይ እንኳ አንቱ ብላኛለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበችና ቀና አለች።

«እማማ፣ ጃንዋሪ ሳይገባ ክኒኑን በምን ነበር የሚውጡት?»

«በሻይ።»

«በየትኛው ሻይ?»

«በየትኛው ማለት ምን ማለት ነው? በሻይ ነዋ!»

«በእኛው፣ ወተት ባለው?»

«ሌላ ሻይ አለ እንዴ?»

«በባዶ ሆድ ይውሰዱ አላሉዎትም?»

«በባዶ ሆዴ ነው! ዳቦ እኮ አልቀመስኩም!»

ግንባሯን ያዘች። «እማማ፣ ይህንን መልስ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ለእኛ ሰው ዳቦ ካልገባ ምግብ አልገባም። ወተቱ ግን ክኒኑን ይዞ ያስቀረዋል። አልሠራ ሲል ይጨመርልዎታል፣ የጨመሩትንም ወተቱ ያስቀረዋል። የመጀመሪያው ማዞር መድኃኒቱ ስላልደረሰዎት ነው። ከጃንዋሪ ወዲህ ደግሞ ሻዩን ሲተዉ ያ ሁሉ መቶ ሃያ አምስት በሙሉ ገባ። በዛብዎት። ልብ ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፣ ያዞራል። ሰውን ያለ ምክንያት ሊያስጠረጥርም ይችላል።» ክኒኑን ወደ ታች ቀነሰችው፤ በውሃ ብቻ፣ ሻይ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ከዚያ ወረቀቱን እያጠፈች «ይህንን የጻፈው ማነው? ይህ ባይኖር ብዙ እንደክም ነበር» አለች።

ሙዘሚል «ባለቤቴ ናት» አለ።

ማታ ነው አሁን። ሐኪሟ የሰጠችኝን ሰበብ በጣም ወደድኩት። ሰውን ያስጠረጥራል። ክኒኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! ከዚያ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ትከሻዋን አየሁት ያልኩት ዲሴምበር 21 ነው። ያኔ ክኒኑ ገና ደሜ ውስጥ አልገባም ነበር። ቀኑን በእጄ ጽፌዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 21

ምራት ተቆጥታ ስትሄድ ሽማግሌ ይላካል እንጂ አማት ራሷ አትሄድም። ሄድኩ። ታጃ «ክብርሽን ጣልሽው» አለችኝ። «አንቺ ምንም አላልሽም» አልኳት።

የፖም ዛፎቹ እርቃናቸውን ናቸው። የሩባይና እናት ተቀብላኝ ራሷ ሻይ ቀዳችልኝ። ሩባይና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እጆቿን ከፌረኗ ሥር አላወጣችም። የመጣሁበትን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ወተቱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ጥጡ። «ማሪኝ» አልኳት። ይህንን ቃል ለባለቤቴም ብዬው አላውቅም።

«ይቅርታውስ ቀላል ነው እማማ» አለች። «ያስቸገረኝ እጄ ነው። ለአባቴ ሻይ ስቀዳ እንኳ ቀድሜ እቀምሰዋለሁ። ሳላውቅ የጨመርኩት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።»

«ነገ ደግሞ ቢያዞርዎትስ?» አለችኝ።

መማል እችል ነበር፤ ዳቦውን ይዤ መማል። ሲኮርጅ የያዝኩት ልጅ ሁሉ ቶሎ ይምል ነበር። «አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «ተስፋ አደርጋለሁ እንጂ አላውቅም።»

እናቷ ሲኒዬን እየሞላች ተናገረች። «ትመለሳለች። ምድጃው ግን ይለይ።»

ማርች 15

ምድጃው ተለየ። ሙዘሚል ላይኛው ፎቅ ላይ ጓዳ አሠራ፤ ከገቡ ሳምንት ሆነ። ጠዋት የሳሞቫራቸው ክዳን ሲንኳኳ በጣሪያዬ በኩል እሰማለሁ። እኔ ታች ለራሴ አፈላለሁ፣ ሰዓት አይቼ፣ ክኒኑን በውሃ። ማዞር ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ፌረኔንም መልሼ ለብሻለሁ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። ድሮ ቀልድ ታስከትልበት ነበር።

ሙዘሚል ስለ ጓዳው ቀለም ሲያወራኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት። ቤቴን ለሁለት የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ማርች 18

ዛሬ ሐኪሟ ደሜን አይታ ቁጥሩ ደህና ነው አለች፤ መጻፉም ይበቃል አለች። እንግዲህ ይህ የመጨረሻው ነው።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ማንም የለም፤ ደፉ ላይ በሳህን የተከደነ ሩዝና ጎመን ተቀምጧል። ትኩስ ነው። ምድጃው ከተለየ በኋላ ምግብ ስታመጣልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ ክዳኑን ገለጥኩ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት።

ምንም አላሰብኩም። እጄ ነው ያነሳው፣ አፍንጫዬ ነው ያሸተተው።

ቀና ስል ሩባይና ደረጃው መዞሪያ ላይ ቆማለች። ስከፍት ፊቴን ለማየት ቆይታ ኖሯል። ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች።

ሁሉንም በላሁት፤ አንዲት ፍሬ ሩዝ አላስቀረሁም። ይህንን ግን አላየችኝም።